ኢሳያስ ያስጎበኘኝ ከተማ

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለጸዮን፣ ለድሬዳዋ መምህራን ሁሉ አለቃ፤

ሙቀቱ ሳያቀልጥሽ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስሽ እመኛለሁ። ላንቺ ጤናውን፣ ለተማሪዎችሽ ደግሞ አንቺን የሚችሉበትን ትዕግሥት ይስጣቸው። እኔ እዚያችው ፓርክዴል ሰፈር፣ እዚያችው አንድ ክፍሌ ውስጥ አለሁ። የማሞቂያው ቧንቧ እንደ ጡረተኛ ሲያስል ይውላል እንጂ ሌላ የሚያስቸግረኝ የለም።

ባለፈው ደብዳቤሽ እናትሽ ያስጻፈችሽን አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ሰላሙ ለዓለም ሕዝብ ቲኬት ይቆርጣል፣ ልጄን ፈልግልኝ ስለው ግን እግሩ ይታሰራል» ትላለች። እትዬ ኤልፍነሽ ሰው ለመውጋት ድሮም ቢላዋ አትፈልግም። እውነቷን ነው። ወንድምሽ ኢሳያስ በ1971፣ በሶማሊያ ጦርነት አባት ካጡት ልጆች ጋር ለትምህርት ወደ ኩባ ሲላክ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሻንጣው ላይ ተቀምጠሽ አልነሳም ብለሽ አጎትሽን በላብ አጥምቀሻል። ከሚያዝያ 1987 ወዲህ ደብዳቤው ቆሟል። ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው።

ስለዚህ ልሄድ ነው። ኩባ፣ ሃቫና።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ያለው የሚስ ዶሪን የጉዞ ወኪል ቤት ነው። ሚስ ዶሪን የባርቤዶስ ሴት ናት፤ ደንበኞቻችንም ከዚያው ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ናቸው። እናት ስትታመም ወይም ካርኒቫል ሲደርስ እኛ ጋ ይመጣሉ። እኔ እዚያ የገባሁት ወለል ልጠርግ ነበር። የበረራ ሰሌዳ የታተመበትን ወፍራም መጽሐፍ በምሳ ሰዓቴ እየገለጥኩ እንግሊዝኛውንም ጂኦግራፊውንም ከዚያው ለቀምኩ። ሌላ መጽሐፍ ሳልጨርስ እዚህ ደርሻለሁና አንቺ ባለ ዲፕሎማዋ አትኩሪብኝ።

ዘንድሮ (እዚህ 1997 ነው የሚሉት፣ ቸኩለው አርጅተዋል) አዲስ ጉድ መጥቷል። ኢንተርኔት ይሉታል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፍ እየተጫነ አውሮፕላኑንም፣ ሆቴሉንም፣ የከተማ ጉብኝቱንም ይገዛል። አንድ ሰውዬ በየሳምንቱ እየመጣ ዋጋ ይጠይቀንና ቤቱ ሄዶ በኮምፒዩተር ይገዛል። ባለፈው የባርቤዶስ ዋና ከተማ የብሪጅታውንን ዋጋ ሲጠይቀኝ «መሄጃው ነጻ ነው፣ የሚያስከፍለው መመለሻው ነው» አልኩት። ሚስ ዶሪን ከኋላ ሰማችና፣

«ሰላሙ! ደንበኛ እያባረርክብኝ ነው!»

«ኖ ሚስ ዶሪን፣ ደንበኛ አይደለም፣ እኛን ሊጎበኝ የሚመጣ ቱሪስት ነው።»

እንዳትስቅብኝ አፏን በቲኬት ሸፈነች።

እኔም ጠላቴን ልወቅ ብዬ በራሷ ኮምፒዩተር ተለማመድኩ። የሃቫናውን ጉዞ የገዛሁት እንደዚያ ነው፤ ሰባት ሌሊት ሆቴል፣ አንድ ቀን የአውቶቡስ ጉብኝት፣ ሰው ሳላናግር። ማረጋገጫው በፋክስ ሲመጣ ሚስ ዶሪን አነበበችውና «የገዛ ሠራተኛዬ!» ብላ ራሷን ያዘች።

ኅዳር 28 እሄዳለሁ። የኢሳያስን የመጨረሻ አድራሻ ቶሎ ላኪልኝ። ለእትዬ ንገሪያት፣ እግሬ ተፈትቷል።

አጎትሽ ሰላሙ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድህ ጋሼ፣

ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሰላምታዬን ተቀበል። እማዬም በረከቷን ልካልሃለች፤ ሁለት ጊዜ ካስደገመችኝ በኋላ «አላሳጠርሽውም?» ብላ ተቆጥታኛለች።

ደብዳቤህ ሲነበብላት መጀመሪያ ሳቀች፣ «ልሄድ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጇን ወረቀቱ ላይ አደረገች። የዓይኗ ሞራ ብሶባታል ጋሼ። አሁን የሚታያት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ አፍ ሆኗል። በመጋቢት አዲስ አበባ ወስጄ ኦፕራሲዮን አስደርጋታለሁ። ሐኪሙ እንዳታለቅስና ደም ግፊቷ እንዳይነሳ አጥብቆ አስጠንቅቋታል።

አድራሻውን ከደብዳቤው ላይ ገልብጬ በጀርባው ጽፌልሃለሁ። ኦርቴንሲያ የምትባል አሮጊት ቤት ተከራይቶ ነበር።

እማዬ ለኢሳያስ ንገርልኝ ያለችህን እንዳለ እጽፋለሁ። «ክፍሉን ለማንም አላከራየሁም በለው። በየወሩ በማርያም ዝክር ለመንገደኛው ብዬ አንድ ዳቦ ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ የመጣ እንደሆነ ይበላዋል፣ ካልመጣ ለድኻ ይሰጣል። ለምን አልጻፍክም ብለህ እንዳትቆጣው። ብቻ ድምፁ ወፍሮ እንደሆነ ስማልኝ።»

ከእኔ ደግሞ ምን እንደምትለው አላውቅም። ወንድሜን የማውቀው በእሷ አፍ ብቻ ነው። ሻንጣው ላይ መቀመጤን እንኳ ገና ካንተ ሰማሁ። እህትህ አድጋለች በለው። እንደ አጎትህ ቀልደኛ አይደለችም ብለህ ጨምርበት።

ልጅህ ጸዮን


ቶሮንቶ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1990 ዓ.ም.

አንደኛው ወረቀት። ለእትዬ ኤልፍነሽ ጮክ ተብሎ የሚነበብ።

እትዬ፣ የለመንሻት ማርያም ሰምታሻለች። ልጅሽን አገኘሁት!

ቁመቱ የአባቱ ነው። ሳቁ ያንቺ ነው፤ ይኸውም በሰው ላይ ነው የሚስቀው። ድምፁ ወፍሯል። ሥራው ምን መሰለሽ? አስጎብኚ ነው። ከጣሊያንና ከካናዳ የሚመጣውን ፈረንጅ ሁሉ በእግሩ እየነዳ ከተማውን ያሳያል። እኔንም ለዘመድ ብሎ አላዘነልኝም፤ ከመንጋው ጋር ነዳኝ።

መጀመሪያ ትልቅ ጉልላት ያለው ቤተ መንግሥት የመሰለ ሕንጻ አሳየኝ። ከዚያ የድሮው ከተማ ጠባብ መንገዶች ውስጥ አስገባኝ። ሰገነቶቹ ሊወድቁ ደርሰው በግንድ ተደግፈዋል፤ ሰዉ ግን እዚያው ላይ ልብስ አስጥቶ፣ ከወዲያ ማዶ ካለ ጎረቤቱ ጋር ይጨቃጨቃል። መኪኖቹ ካንቺ ሠርግ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ እንዳንቺው ቀለም ተቀብተው ይሄዳሉ። በባሕሩ ዳር ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ። ማዕበሉ ሲመታው ውኃው መንገዱን ይሻገራል። ኢሳያስ ቱሪስቶቹን ሆን ብሎ እዚያ ያቆማቸውና ሲረጥቡ «ይህ በዋጋው ውስጥ ነው» ይላቸዋል።

ከዚያ በትንሽ ጀልባ ወደቡን ተሻግረን ሬግላ የምትባል ሰፈር ገባን። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁር ማርያም አለች፣ ሰማያዊ ለብሳ። ፊቷ የእኛው ነው። «እዚህ ሳመጣቸው ስለ እናቴ አንድ ደቂቃ ዝም አሰኛቸዋለሁ» አለኝ።

ያልጻፈው አድራሻ ሲቀያይር ነው። ክፍሉን እንዳታከራዪ ብሏል።

ወንድምሽ ሰላሙ


ሁለተኛው ወረቀት። ለጸዮን ብቻ።

በሩን ዝጊና ተቀመጪ፣ ልጄ። ከላይ የጻፍኩት እውነት አይደለም።

ኢሳያስ የለም። በጥቅምት 1988 ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፈ። ኦርቴንሲያ ሳትለየው ነው የሞተው። ይህን ስጽፍልሽ ነውር እንደሠራሁ አውቃለሁ። መርዶ በወረቀት አይጻፍም፤ ሰው ሊነጋጋ ሲል ሄዶ፣ ከሽማግሌ ጋር፣ በአፉ ነው የሚያረዳው። ግን ላንቺ ከወረቀት ሌላ ምን አለኝ?

አብሮት የተላከ ካሳዬ የሚባል የጅማ ልጅ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ብስክሌት ይጠግናል። ነገሩን የነገረኝ እሱ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልጻፍክም?» ብዬ ጮኽኩበት። «ጋሼ፣ መርዶ እንዴት በፖስታ ይላካል? ወደ አገር የሚገባ ሰው እስካገኝ ብዬ ነው» አለኝ። አንገቱን ይዤው ነበር። ከዚያ ለቀቅኩት። ቶሮንቶ ተመልሼ ብዕር ባነሳሁ ጊዜ እኔም የጻፍኩት ያንን የላይኛውን ወረቀት ነው።

ከተማውን ያስጎበኘችኝ ኦርቴንሲያ ናት። እሱ አስጎብኚ ሳለ ቱሪስቶቹን ይወስድበት የነበረውን መንገድ ታውቀዋለች። በየማዕዘኑ ትቆምና «እዚህ ጋ እንዲህ ይል ነበር» ትለኛለች፣ ካሳዬ ይተረጉምልኛል። የግንቡም ቀልድ፣ የማርያሟም ነገር የራሱ ቃል ነው። እሱን ብቻ አልፈጠርኩም።

በዚያ አገር ደንብ ከሁለት ዓመት በኋላ አጽሙ ከመሬት ይወጣል፤ ዘመድ ቀርቦ ሲፈርም ስሙ በተጻፈበት የሲሚንቶ ሳጥን ይቀመጣል። ፈርሜያለሁ። በሥርዓቱ ተቀምጧል።

እትዬ ዓይኗን ሳትታከም ይህን ብትሰማ ለቅሶው ያሳውራታል። ኦፕራሲዮኑ እስኪያልፍ ቻይልኝ። ከዚያ የእድሩን ሊቀ መንበር ጋሽ ተሻገርን አማክረሽ በወጉ ትረዳለች።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔን ግን ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም።


ድሬዳዋ፣ ጥር 13 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አጣጥፈህ ላክሃቸው። እማዬ ፖስታው ሲቀደድ ድምፁን ሰምታ «አንብቢ» አለች። የላይኛው ላይ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ይላል፤ እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አገኘሁት» ከሚለው አላለፍኩም፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ገባ። ጎረቤታችን እትዬ ዓለምሸት ከእንጀራ ምጣድ ተነስታ በሊጥ እጇ አቀፈችኝ። እኔም አለቀስኩ፣ በደስታ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በደስታ ነበር ያለቀስኩት። ሁለተኛውን ወረቀት ሽንት ቤት ገብቼ አነበብኩት። ውጭ እልልታው አላለቀም ነበር።

ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና እንግዶቹን አስተናገድኩ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ለምን «ፈልጌ አጣሁት» ብለህ አልጻፍክም? ማጣቱን ለምዳዋለች። አሁን ያገኘችውን ልጅ ነው የምንገድልባት።

ስለ ዓይኗ ያልከውን ሐኪሙን ስም ሳልጠራ ጠየቅኩት። ልክ ነህ አለኝ። ስለዚህ እስከ መጋቢት እችላለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።

እሷ በየቀኑ ፎቶውን ትጠይቃለች። «ካሜራ አልያዘም? ሰላሙ ያለ ካሜራ የት ሄዶ ያውቃል?» ትላለች። ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይላክልኝም ብላለች። በዚህ ወር ዝክር ላይ የመንገደኛውን ዳቦ አላስቀመጠችም። «ተገኝቷል፣ ለምን ብዬ?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ጸዮን


ቶሮንቶ፣ የካቲት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

አንደኛው ወረቀት። ለእትዬ።

እትዬ፣ ጉልበትሽም ዓይንሽም ይጠንክርልሽ። ፎቶውን በተመለከተ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ፊልሙን ስከፍተው ብርሃን ገባበትና ሠላሳ ስድስቱም ፎቶ ተቃጠለ። ሌላ ሞያ ቢኖረኝም ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ካሴቱን ነግሬዋለሁ፤ እዚያ ባዶ ካሴት እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው። ትንሽ ታገሺ።

እስከዚያ አትስጊ፣ ዓለም ጠባለች። ሃቫና መሄድ አሁን ከድሬዳዋ ሐረር ከመሄድ ይቀላል። ሰልፍ የለም፣ ደላላ የለም፣ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። አንድ ቀን ያንቺንም ቁልፍ እጫንልሻለሁ!


ሁለተኛው ወረቀት። ለጸዮን።

«ለምን አጣሁት አላልክም» ላልሽው፣ ብዕሩን ሳነሳ የፊቷ ብርሃን ታየኝ። እኔ ሰው ሳስቅ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሳስለቅስ ምን እንደማደርግ ማንም አላስተማረኝም።

እዚህም ቤቱ እየፈረሰ ነው። አየር መንገዶቹ የኮሚሽናችንን ድርሻ ቆርጠዋል፣ ደንበኛው በየቤቱ በኮምፒዩተር ይገዛል። ሦስት ነበርን፣ አንዷ በገና ተሰናበተች። ሚስ ዶሪን ቀኑን ሙሉ በሩን ታያለች። ትናንት አንዲት የጃማይካ እናት ገብታ «እህቴ ሞተችብኝ፣ ነገ ኪንግስተን ልድረስ» አለችን። ሚስ ዶሪን አቅፋ አስቀመጠቻት፣ ውኃ ሰጠቻት፣ ሁለት ሰዓት ስልክ ደውላ ቦታ አገኘችላት። ሴትየዋ ስትወጣ «ይህን ኮምፒዩተር አይሠራውም» አለች። እኔም የሴትየዋን የውኃ ብርጭቆ አነሳሁ።

የቀብር ቲኬት ስንት ጊዜ ቆርጫለሁ። ደንበኛው ሰው እንደሞተበት ሳይፈራ ይነግረኝ ነበር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ኦፕራሲዮኑ እንደተደረገ ጻፊልኝ።

ሰላሙ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እኛን በአዲስ ዓይን አድርሶናል፤ ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታላት መጀመሪያ ያየችው የእኔን ፊት ነበር። ብዙ አየችኝና «ከስተሻል፤ ማን ነው ያከሳሽ?» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት።

አሁን ሌላ ነገር መጣ፤ ያመጣኸውም አንተ ነህ። ከሐረር ይቀላል ብለህ ጽፈህ የለ? እማዬ ልትሄድ ነው። የጆሮ ወርቋን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ይህን ሽጪ። ሰላሙ ቁልፉን ይጫንልኝ። ዓይኔ የተከፈተው ጎረቤት ለማየት አይደለም» አለች። ፓስፖርት ፎቶ ተነስታለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሕይወቷ ስቃ የተነሳችው የመጀመሪያ ፎቶ ነው።

ጋሼ፣ አበቃ። ከዚህ በኋላ አንዲትም የውሸት ወረቀት አላነብም። ጋሽ ተሻገርን አነጋግሬያቸዋለሁ። «የእናቱ ወንድም ባለበት እኛ እንዴት እናረዳለን? ይምጣ፣ ወይም በእኔ ቃል አርዷት ብሎ ይላክብን» አሉኝ። ከሁለቱ አንዱን ነው የምጠይቅህ፤ ወይ ና፣ ወይ ቃልህን ላክ። ገንዘብ አልጠየቅንህም፣ ልብስ አልጠየቅንህም። አንድ መስመር ነው። ቴሌግራምም ይሆናል።

ጸዮን


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሰላሙ፣

ስድስት ሳምንት ጠበቅንህ። ፖስታ ቤቱ «የቶሮንቶዋ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ከዚያ ጋሽ ተሻገር «እንግዲህ ጥፋቱ በእኛ ይሁን» አሉ።

ሰኔ 1 ሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከእትዬ ዓለምሸትና ከስድስት የእድር ሰዎች ጋር መጡ። ድምፅ እንዳይሰማ በእግራቸው ጫፍ እየረገጡ በግቢው ገቡ። እኔ በሩን ልከፍት ስነሳ የእማዬ አልጋ ባዶ ነው። ሳሎን ወጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

«ክፈቺላቸው» አለችኝ።

ጋሽ ተሻገር ገብተው ገና «ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ» ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«ግቡ» አለች። «ዘገያችሁ።»

ታውቅ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዓይኗ ፊደል ይለይ እንደሆነ ልትሞክር የእኔን ደብተሮች አንስታ፣ በመካከላቸው ሁለተኛዎቹን ወረቀቶች አገኘች። እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመች ሁለት ቀን አነበበቻቸው። ከዚያ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ አንድ ምሽት «ያንን የጥቁሯን ማርያም ቦታ አንብቢልኝ» ብላኝ ነበር። አነበብኩላት። «አንድ ደቂቃ ዝም አሰኛቸዋለሁ» እስከሚለው ድረስ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩላት። ፊቴን እያየች ሰማችኝ።

ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «ራሴን በራሴ ላርዳ? ሰው መጥቶ ሳይነግረኝ በምን ወግ ልቀመጥ? ብጮህ ጎረቤቱ አበደች አይልም?» አለችኝ። ለቅሶዋን ሦስት ሳምንት ይዛ ሰው መጥቶ እስኪነግራት ጠበቀች። አንተ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ካሳዬን አንገቱን አንቀሃል።

የሚከተለውን እሷ ብላኝ ነው የምጽፈው።

«ሰላሙ፣ አልረግምህም። ቲኬቱን ተወው። ካሴቱን ተወው። አንድ ነገር ላክልኝ፦ ስሙ የተጻፈበትን የሳጥኑን ፎቶ። አባቱን ያለ አስከሬን፣ ያለ መቃብር፣ በባዶ ድንኳን ነው ያለቀስኩት። ልጁን እንደዚያ አላለቅስም። አንተ ፈርመህ ያስቀመጥከውን ሳጥን ግድግዳዬ ላይ አድርጌ እሱን እያየሁ አለቅሳለሁ።»

ጸዮን


ቶሮንቶ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

እትዬ ኤልፍነሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ከሰባት ወር በፊት ልልሽ ይገባኝ ነበር።

የጠየቅሽኝን ፎቶ ልልክልሽ አልችልም። ሳጥኑ የለም። ለጸዮን ፈርሜያለሁ ብዬ የጻፍኩላት ውሸት ነው። እሷም ይህን የምትሰማው ዛሬ ካንቺ ጋር ነው።

የሆነው ይህ ነው። ካሳዬ የመዝገብ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና «ዓርብ ጠዋት ሂድ። እኔ ዘመድ ስላልሆንኩ አይቀበሉኝም። ላንተ አንድ ፊርማ ነው» አለኝ። ዓርብ በኮምፒዩተሩ የገዛሁት የአውቶቡስ ጉብኝት ቀን ነበር። ኢሳያስ ያረፈበት ትልቁ መካነ መቃብር ከሚጎበኙት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ፣ መላእክት የቆሙበት፣ ሰፊ መንገድ ያለው። ከቱሪስቶቹ ጋር ወረድኩ። ሃያ ደቂቃ ሰጡን። እነሱ ፎቶ ሲያነሱ እኔ ቢሮው ገባሁ።

መነጽር ያደረገች ሴት መዝገቡን ገለጠች። ጣቷን በስሞቹ ላይ አወረደች፣ ቆመች። ስሙ ነበር። የአባቱም ስም ነበር። በእንግሊዝኛ «ዘመድ ነዎት?» አለችኝ።

ውጭ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። «አይ፣ ቱሪስት ነኝ» አልኳት።

ያን ጊዜ አላሰብኩም፣ ፈራሁ ብቻ። በኋላ ሳስበው፣ ከፈረምኩ ላንቺ የምነግርሽ ሰው እኔ ልሆን ነው። ካልፈረምኩ ፈልጎ ያላገኘ ሰው ነኝ። ግን ያንንም አልሆንኩም፤ አገኘሁት ብዬ ጻፍኩልሽ።

ሴትየዋ መዝገቡን ዘግታ መቃብሮቹን የሚያሳይ ካርታ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ከሞንትሪያል የመጡ ባልና ሚስት አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀልድ ነገርኳቸው። ሳቁ።

የጸዮን የሚያዝያው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሚስ ዶሪን የጉዞ ወኪል ቤቱን ዘግታለች፣ እኔም ሥራ የለኝም። ለጋሽ ተሻገር ቃሌን ከመላኬ በፊት ውሸቴን እውነት ላድርገው ብዬ ተነሳሁ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካለው ኮምፒዩተር ላይ ቲኬት ገዛሁና ሰኔ 8 ሃቫና ገባሁ። ስድስት ሳምንት ያስጠበቅኳችሁ ለዚህ ነው። አንቺ ጥቁር ለብሰሽ እየጠበቅሽ እንደሆነ አላወቅሁም።

ቢሮው ውስጥ ያችው መነጽር ያደረገችው ሴት ነበረች። ካሳዬን ይዤ ገባሁ። እኔ «ቱሪስት ነኝ» ካልኩ በአሥራ አንደኛው ቀን አጽሙ ተነስቷል። ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ነው የተቀመጠው፤ የማን የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። ከስሙ ትይዩ ሁለት ቃል ተጽፏል። ካሳዬ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ ለመንኩት። «ዘመድ አልቀረበም» ይላል።

አጎቱ ነኝ አልኳት። አሁን ምንም አይለውጥም አለች። ቢሆንም እስክሪብቶ ሰጠችኝ፣ ከሁለቱ ቃላት ጎን ባለው ባዶ ቦታ በአማርኛ ስሜን ጻፍኩ። ጉድጓዱ ያለበትን ቦታ አሳዩን። የተዘጋ የሲሚንቶ ክዳን ነው። ምንም አልተጻፈበትም። ካሳዬ እስኪመሽ እዚያ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ቆሜ ነበር።

ይህን በአፌ ልነግርሽ እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ግን የሌለ ሳጥን ፎቶ እየጠበቅሽ አንድ ወር እንድትጨምሪ ማድረግ አልቻልኩም።

ነሐሴ 3 ድሬዳዋ እገባለሁ። ለቅሶ ለመድረስ ነው የምመጣው። በግቢው በር እቆማለሁ፤ ጋሽ ተሻገር ግባ ቢሉኝም አንቺ ካላልሽኝ አልገባም።

ሰላሙ